ጥቂቶችን ለሚይዝ ካንሰር ማኅበር ማቋቋም፦ ደረጃ በደረጃ

ሐኪሙ የካንሰሩን ስም ከወረቀት ላይ እያነበበ ከነገራችሁ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ቤት ገብታችሁ ኢንተርኔት ስታስሱ የምታገኙት ጥቂት የምርምር ጽሑፍ ነው፤ እሱም ለሐኪም የተጻፈ። ትንሽ ቆይቶ ከቤተሰቡ አንዱ «ታዲያ ለምን እኛው ማኅበር አናቋቁምም?» ይላል። ሐሳቡ እብደት አይደለም። ዛሬ ስማቸው የገነነ አንዳንድ ድርጅቶች የተጀመሩት እንዲሁ ነው።

አውሮፓ ውስጥ በዓመት ከ100,000 ሰው ከ6 ባነሱት ላይ የሚገኝ ካንሰር «ጥቂቶችን የሚይዝ» ከሚባለው ምድብ ይገባል። አሜሪካ መስፈርቱን ከ100,000 ሰው ከ15 በታች ታደርገዋለች። በአውሮፓው ቆጠራ ወደ 200 የሚጠጉ ዓይነቶች አሉ። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ነው፤ ሲደመሩ ግን ከአዳዲስ የካንሰር ሕመምተኞች ሩብ ያህሉን ይይዛሉ። አውሮፓ ውስጥ በተደረገ ጥናት መሠረት በእነዚህ ካንሰሮች የተያዘ ሰው አምስት ዓመት የመቆየት ዕድሉ 49 በመቶ ገደማ ነው። በተለመዱት ካንሰሮች 63 በመቶ ነው።

ልዩነቱ ከበሽታው ክፋት ብቻ አይመጣም። ምርመራው ይዘገያል። በሽታውን ደጋግሞ ያየ ሐኪም ጥቂት ነው። አዲስ መድኃኒት ለመሞከር የሚበቃ ሰው በአንድ ቦታ አይገኝም። ኩባንያዎችም ገበያው ስለሚያንስባቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ማኅበር ሲባል ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ገንዘብ ማሰባሰብን ነው። እኔ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። በዚህ ዓይነት ካንሰር መጀመሪያ የሚታጣው ገንዘብ አይደለም፤ ሰው ነው፣ ናሙና ነው፣ መረጃ ነው። እነዚህ ሳይኖሩ የመጣ ገንዘብ ማረፊያ ያጣል። ከታች ያሉት ደረጃዎች የተደረደሩት በዚህ ሐሳብ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ ያለውን ፈልጉ

ሌላ ሰው ቀድሟችሁ እንደሆነ አጣሩ። አሜሪካ ውስጥ በ1983 የተመሠረተው ኖርድ እና አውሮፓ ውስጥ በ1997 የተመሠረተው ዩሮርዲስ ጥቂቶችን በሚይዙ በሽታዎች ላይ የሚሠሩ የብዙ ማኅበራት ጥላ ናቸው። አባሎቻቸውን በበሽታ ስም መፈለግ ይቻላል። በሽታውን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችንም ጠይቁ። ማን ሕመምተኛ እንደሚያገናኛቸው እነሱ ያውቃሉ።

ማኅበሩ ካለ ተቀላቀሉ። በእናንተ ቋንቋ የሚሠራ ክፍል ከሌለው፣ እናንተ ያ ክፍል ለመሆን ጠይቁ። በዓመት ጥቂት መቶ ሰው ለሚይዝ በሽታ ሁለት ተፎካካሪ ማኅበር ማለት ሁለት ግማሽ መዝገብ ማለት ነው። ተመራማሪውስ የቱን ይመን? ከሊቀመንበሩ ጋር ጸባያችን አልገጠመም ብሎ ሌላ ማኅበር መክፈት ያጋጥማል። የሚከስረው ግን ሕመምተኛው ነው።

ደረጃ 2፦ ለማን እንደምትሠሩ ወስኑ

ወሰናችሁ በሰውነት ክፍል ነው፣ በካንሰሩ ዓይነት ነው ወይስ በጂን ለውጥ? ሳርኮማ የሚባለው የአጥንትና የለስላሳ አካል ካንሰር ብቻ ከ70 በላይ ዓይነት አለው። ሁሉንም ካቀፋችሁ አባል ይበዛል፣ ምርምሩ ግን ይሳሳል። ካጠበባችሁ ተመራማሪው ምን እንደምትፈልጉ ወዲያው ይገባዋል፣ አባል ግን ያንሳል። እኔ ብመርጥ ለድጋፍ በሩን ሰፋ፣ ለምርምር ዒላማውን ጠበብ አደርጋለሁ። ውሳኔውን በአንድ አንቀጽ ጽፋችሁ አስቀምጡት። ኋላ ላይ «ይህንንም እንጨምር» የሚል ሰው አይጠፋም።

ደረጃ 3፦ ሰዎቹን አንድ በአንድ አግኙ

ሥራው አድካሚ ነው፤ አቋራጭም የለውም።

ጂስት የሚባለውን የጨጓራና የአንጀት እጢ ውሰዱ። በ2000 የመጀመሪያው የጂስት ሕመምተኛ ኢማቲኒብ የተባለውን መድኃኒት ፊንላንድ ውስጥ መውሰድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ በተከፈቱት ሙከራዎች የገቡ ሕመምተኞች በኢንተርኔት ተፈላልገው ተገናኙ። የጎንዮሽ ጉዳቱን ይጻጻፉ ነበር፤ ማን ምን ተሰማው፣ ምን አቀለለለት። ከዚያ መጻጻፍ ላይፍ ራፍት ግሩፕ የተባለው ማኅበር በ2002 ተወለደ። መድኃኒቱም ለጂስት አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በዚያው ዓመት ነው። ማኅበሩ በኋላ የአባላቱን የሕክምና ታሪክ በመዝገብ እየሰበሰበ ለምርምር አቀረበ። መነሻው ግን የሰዎች ወሬ ነው።

እናንተም በዚሁ ጀምሩ። አንድ ገጽ ድረ ገጽ ይበቃል። የበሽታው ስም በትክክል ይጻፍበት፤ የድሮ ስሙም፣ ሐኪሞች የሚያሳጥሩበት ፊደልም ይኑር። የተጨነቀ ሰው የሚፈልገው ሪፖርቱ ላይ ያነበበውን ቃል ነውና። በሽታውን ለሚያክሙ ትልልቅ ማዕከላት ትንሽ ካርድ ላኩ፤ ነርሶቹ ለሕመምተኛ ይስጡት። ሐኪሙ ስም አውጥቶ እንዲሰጣችሁ ግን አትጠይቁ። ሕመምተኛው ራሱ ይምጣ።

የመወያያ ግሩፑን ዝግ አድርጉት። ሕጉ ጥቂት ግን ጠንካራ ይሁን። የሌላ ሰው ታሪክ ወይም ፎቶ ወደ ውጭ አይወጣም። «እኔ ይህን ያህል ሚሊግራም ወስጄ ተሻለኝ፣ አንተም ውሰድ» የሚል ምክር አይፈቀድም። ፈውስ የሚሸጥ ሰው በዚያው ቅጽበት ይወጣል፣ ማስጠንቀቂያ አያስፈልገውም። በሽታው ለጠናባቸውና ሰው ለሞተባቸው የተለየ ክፍል ክፈቱ። ትናንት ምርመራው የተነገረው ሰው ስለ መጨረሻዎቹ ሳምንታት የተጻፈውን ሁሉ ለማንበብ ገና አቅም የለውም።

12 ሰው ብቻ ብንሆንስ? ምንም አይደል። ለአንዳንድ ካንሰር 12 ሰው አንድ ትልቅ ሆስፒታል በዓመታት ከሚያየው ይበልጣል።

ደረጃ 4፦ ድጋፉን ዛሬውኑ ጀምሩ

ድጋፍ በጀት አይጠብቅም። የመጀመሪያው ሥራችሁ አዲስ ለታመመ ሰው የሚሆን አጭር ጽሑፍ ይሁን። በሽታው ምንድን ነው፣ እንዴት ይታከማል፣ ሐኪሙን ምን ልጠይቅ፣ ቢያንስ እነዚህን ይመልስ። በሽታውን የሚያውቁ ሁለት ሐኪሞች ያርሙት። የታረመበት ቀን ከላይ ይታይ። በየዓመቱ ካልታደሰ አንሱት፤ ያረጀ የሕክምና መረጃ ካለመኖሩ ይብሳል።

ቀጥሎ የፓቶሎጂ ድጋሚ እይታ ይምጣ። የእጢውን ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚያየው ፓቶሎጂስት በዚህ ዓይነት ካንሰር ልምድ ከሌለው ስሙ ሊሳሳት ይችላል። ስሙ ከተሳሳተ ሕክምናውም ይሳሳታል። ሕመምተኛው የናሙናው መስታወትና የፓራፊን ብሎኩ (በሰም ውስጥ የተቀመጠው እጢ) ልምድ ወዳለው ማዕከል እንዲላክ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን መብቱን አያውቅም። «ሐኪሜ ይቀየመኛል» ብሎ የሚፈራም አለ። ጥሩ ሐኪም አይቀየምም፤ እንዲያውም ራሱ ይልከዋል። ማኅበሩ ደብዳቤው እንዴት እንደሚጻፍ፣ ናሙናው እንዴት እንደሚታሸግና ወጪው በማን እንደሚሸፈን የሚያስረዳ ወረቀት ቢያዘጋጅ፣ ከብዙ ማጽናኛ የበለጠ ይጠቅማል።

ልምድ ያላቸውን ማዕከላት ዝርዝርም ያዙ። አውሮፓ ውስጥ በአዋቂዎች ላይ የሚከሰቱ እንዲህ ያሉ ጠጣር እጢዎችን የሚያክሙ ሆስፒታሎች ከ2017 ጀምሮ ዩራካን በተባለ መረብ ተያይዘዋል። ዝርዝሩን ስትሠሩ «ምርጥ ሐኪም» አትበሉ። በሽታውን በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚያዩ ጠይቃችሁ የነገሯችሁን ጻፉ።

ከዚያ ሕመምተኛን ከሕመምተኛ ማገናኘት ይመጣል። የሚደውለው በጎ ፈቃደኛ አጭር ሥልጠና ያስፈልገዋል። «አይዞህ፣ ምንም አትሆንም» ማለት ቀላል ነው፤ ሰውየው ግን ውሸት መሆኑን ያውቃል። ማዳመጥ፣ የራስን ታሪክ አለማስረዘም፣ የሕክምና ጥያቄ ሲመጣ ወደ ሐኪም መመለስ፣ ራሱን ሊጎዳ ያሰበ ሰው ሲያጋጥም ማን ዘንድ እንደሚደወል ማወቅ፤ ሥልጠናው በእነዚህ ላይ ያተኩር። በጎ ፈቃደኞቻችሁ ራሳቸው ታማሚ ወይም ሐዘንተኛ ናቸው። ተራ አውጡላቸው፣ የእረፍት ወር ይኑራቸው። አባል ሲሞት ዜናውን ማን እንደሚናገርና ቤተሰቡ እንዴት እንደሚጠየቅም አስቀድማችሁ ተስማሙ። እንዲህ ያለ ነገር በሐዘን መካከል አይወሰንም።

ደረጃ 5፦ ሕጋዊ ሰውነት

አሠራሩ እንደየአገሩ ይለያያል፤ የሕግ ባለሙያ አማክሩ። እኔ የምጨምረው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ቦርዱ የአንድ ቤተሰብ ጉባኤ አይሁን። ቢያንስ አንድ ሒሳብ የሚያውቅና «አይሆንም» ማለት የማይፈራ ሰው ይግባበት። የሳይንስ አማካሪ ቡድኑ ደግሞ ከቦርዱ የተለየ ይሁን፤ እያንዳንዱ አማካሪ ከየትኛው ኩባንያና ተቋም ጋር እንደሚሠራ በየዓመቱ በጽሑፍ ያሳውቅ።

ደረጃ 6፦ መዝገብና ናሙና

ማኅበራችሁ አንድ ሥራ ብቻ መሥራት የሚችል ቢሆን ይህን ሥሩ እላለሁ።

መዝገብ ማለት የስም ዝርዝር አይደለም። ሕመምተኛው ምርመራው መቼ ተነገረው፣ ከመጀመሪያው ምልክት ስንት ጊዜ በኋላ፣ ምን ሕክምና ወሰደ፣ በሽታው መቼ ተመለሰ፣ አሁን እንዴት ነው፤ ይህ በየጊዜው የሚሞላ ታሪክ ነው። በሽታው በራሱ አካሄድ እንዴት እንደሚጓዝ ካልታወቀ አዲስ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ በምን ይለካል? ማወዳደሪያው ይኸው መዝገብ ነው።

ጥያቄዎቹን ከመጻፋችሁ በፊት ተመራማሪና የስታቲስቲክስ ባለሙያ አማክሩ። አጭር ይሁን። ለታመመ ሰው 200 ጥያቄ ብታቀርቡለት በሁለተኛው ዙር አታገኙትም። የፓቶሎጂ ሪፖርቱን ቅጂ ሰብስቡ፤ ሕመምተኛው በቃሉ የሚነግራችሁ የካንሰር ስምና ሪፖርቱ ላይ ያለው አንዳንዴ አይገጥሙም። ሥራው ምርምር ስለሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያጽድቀው። የስምምነት ፎርሙ መረጃው ለማን ሊሰጥ እንደሚችል፣ ኩባንያም ሊያየው እንደሚችልና ሕመምተኛው በፈለገ ጊዜ መውጣት እንደሚችል በግልጽ ቋንቋ ይናገር። መረጃው አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ተመራማሪው ሥራ ሲቀይር ይዞት እንዳይሄድ ውል ይኑራችሁ።

ይህ ሥራ የት ሊያደርስ እንደሚችል አንጂዮሳርኮማ ያሳያል። አሜሪካ ውስጥ በዓመት 300 ያህል ሰው ብቻ የሚይዝ የደም ሥር ካንሰር ነው። በ2017 ተመራማሪዎች ከሕመምተኞች ጋር ሆነው ማንኛውም የአሜሪካና የካናዳ ታማሚ ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት የሚመዘገብበት ፕሮጀክት ከፈቱ። ምራቁን በፖስታ ይልካል፤ ቡድኑ የሕክምና መዝገቡንና ቀድሞ የወጣውን እጢ ከሆስፒታሉ ያስመጣል። በ18 ወር ውስጥ 338 ሰዎች ተመዘገቡ። የ36 ሕመምተኞች እጢ ተመረመረ። በጭንቅላት፣ በፊትና በአንገት ላይ የወጡት እጢዎች ብዙ ሚውቴሽን (የጂን ለውጥ) ተሸክመው ተገኙ፤ ይህ ኢሚውኖቴራፒ፣ የሰውነትን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሣው ሕክምና፣ ሊሠራባቸው እንደሚችል የሚጠቁም ምልክት ነው። ከተመዝጋቢዎቹ ሁለቱ ይህን ሕክምና ለበሽታው በይፋ ሳይፈቀድ ወስደው ጥሩ ውጤት አግኝተዋል። ጥናቱ በ2020 ታተመ። መረጃው ግን ከዚያ በፊት ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት ሆኖ ነበር።

ስለ ናሙና ደግሞ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ፦ ጊዜው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ነው። በፓራፊን የተቀመጠ እጢ ለብዙ ዓመት ይቆያል፣ ለጂን ምርመራም ይሆናል። ሕዋሳቱን በላብራቶሪ ማራባት የሚፈልግ ተመራማሪ ግን በሕይወት ያለ፣ ገና የወጣ እጢ ይፈልጋል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚደወል ስልክ ዋጋ የለውም። ስለዚህ አባሎቻችሁ የቀዶ ሕክምና ቀን ሲቆረጥላቸው አስቀድመው እንዲያሳውቋችሁ አስለምዱ። ከላብራቶሪውና ከሆስፒታሉ ጋር ማን ናሙናውን እንደሚቀበል፣ በምን እንደሚጓጓዝና ለምርመራ የሚያስፈልገው ክፍል ቀድሞ መወሰዱን ማን እንደሚያረጋግጥ ተነጋግራችሁ ጨርሱ። የሕመምተኛው ሕክምና ሁልጊዜ ይቀድማል።

ደረጃ 7፦ ምርምሩን መደገፍ

አሁን ገንዘብ መስጠት ይቻላል። ግን ለማን? መጀመሪያ ካርታ ሥሩ። በሽታውን በዓለም ላይ እነማን ያጠናሉ? ምን ታውቋል? ሥራው የቆመው የት ላይ ነው?

ኮርዶማ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአከርካሪና በራስ ቅል ሥር የሚወጣ፣ በዓመት ከሚሊዮን አንድ ሰው የሚይዝ ካንሰር ነው። ጆሽ ሶመር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ2006 በዚህ በሽታ ታመመ። በ2007 ሐኪም ከሆነች እናቱ ጋር ኮርዶማ ፋውንዴሽንን አቋቋመ። ተመራማሪዎቹ ተበታትነው ነበር። በላብራቶሪ የሚራቡ የኮርዶማ ሕዋሳት፣ ሴል ላይን የሚባሉት፣ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ድርጅቱ ተመራማሪዎቹን በአንድ ክፍል ሰበሰበ፣ አዲስ ሴል ላይን ለሚያስገኝ ሽልማት አቀረበ፣ የተገኙትንም አረጋግጦ ለጠየቀ ሁሉ ማከፋፈል ጀመረ። ለአንድ ፕሮፌሰር ብቻ ገንዘብ ቢሰጥ ኖሮ የሚጠቀመው አንድ ላብራቶሪ ነበር። የጋራ መሣሪያ ግን ስለ ኮርዶማ አስቦ የማያውቀውን ተመራማሪ ሳይቀር ይስባል።

ናሙና ስንት ቢሆን ይበቃል ለሚል ሰው ሌላ ታሪክ አለ። ፋይብሮላሜላር የሚባለው የጉበት ካንሰር በአብዛኛው የሚይዘው ወጣቶችን ነው። ኤላና ሳይመን በ12 ዓመቷ ታማ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ከተመራማሪዎች ጋር ሆና የሌሎች ሕመምተኞችን እጢ ማሰባሰብ ጀመረች። በ2014 በታተመው ጥናት ሁለት ጂኖች ተቆርጠው የተጣበቁበት አንድ ዓይነት ለውጥ በ15ቱም ሕመምተኞች እጢ ላይ ተገኘ። ያው 15 ሰው ነው። በሽታው አንድ ወጥ መነሻ ሲኖረው ጥቂት ናሙና ብዙ ይናገራል።

እርዳታውን ስትሰጡ ትንሽና አጭር አድርጋችሁ ጀምሩ፤ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ሥራ። ማመልከቻዎቹን ከአመልካቾቹ ጋር ጥቅም የማይጋሩ ባለሙያዎች ይገምግሙ። ከገምጋሚዎቹ መካከል ሥልጠና የወሰደ ሕመምተኛ ይኑር፤ «ይህ ለእኛ ምን ያደርጋል?» ብሎ የሚጠይቅ እሱ ነው። ክፍያው ሥራው በደረሰበት እየታየ ይለቀቅ። ውሉ ውስጥ የተገኘው መረጃና መሣሪያ ለሌሎች እንደሚጋራ ይጻፍ፤ ያልሠራ ሙከራም ጭምር። የቤተሰቡ ሐኪም ስለሆነ ብቻ ለአንድ ሰው ገንዘብ መስጠት የሚያጓጓ ፈተና ነው። ምስጋናችሁን በደብዳቤ ግለጹለት፣ ገንዘቡን በውድድር ስጡ።

ደረጃ 8፦ ከኩባንያና ከመድኃኒት ተቆጣጣሪ ጋር መሥራት

ኩባንያዎችን ወደ እነዚህ በሽታዎች የሚጎትት ሕግ አለ። አሜሪካ በ1983 ባወጣችው ሕግ ከ200,000 ያነሰ ሰው ለሚይዝ በሽታ መድኃኒት ያወጣ ኩባንያ ለ7 ዓመት ለዚያ በሽታ ብቸኛ ሻጭ ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2000 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው ደንብ ከ10,000 ሰው ከ5 ላልበለጡት የሚሆን መድኃኒት የ10 ዓመት ጥበቃ ያገኛል። ይህን አውቃችሁ ግቡ። ኩባንያው የሚመጣው ለጽድቅ ብቻ አይደለም፤ እናንተም የምታቀርቡት ነገር አላችሁ።

የምታቀርቡት ለምሳሌ መለኪያ ሊሆን ይችላል። ዴስሞይድ የሚባለው እጢ ወደ ሌላ አካል አይሰራጭም፤ ባለበት ግን ይስፋፋል፣ ሕመሙም ከባድ ነው። የእጢውን መጠን ብቻ መለካት የሕመምተኛውን ኑሮ አያሳይም። በ2005 የተመሠረተው የዴስሞይድ ምርምር ፋውንዴሽን ከባለሙያዎች ጋር ሆኖ ሕመሙንና የዕለት ኑሮ ጫናውን ሕመምተኛው ራሱ የሚመዘግብበት መጠይቅ እንዲዘጋጅ ሠራ። መጠይቁ ኒሮጋሴስታት የተባለው መድኃኒት በ142 ሰዎች ላይ ሲሞከር አገልግሏል። መድኃኒቱ በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለዴስሞይድ የተፈቀደ የመጀመሪያው ሆነ።

የሙከራ ዕቅድ ገና ሲጻፍ አንብቡት። ስንት ጊዜ ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚቆረጥ የእጢ ናሙና) ይወሰዳል? ከሩቅ የሚመጣው ሰው ማረፊያውን ማን ይከፍላል? መድኃኒቱ ሳይሆን ማስመሰያው የደረሰው ሰው በሽታው ሲገፋበት ወደ መድኃኒቱ ይዛወራል? እነዚህ ሙከራው ከተጀመረ በኋላ አይስተካከሉም። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ማኅበራት ራሳቸው የሚያዘጋጁትን የሕመምተኞች ስብሰባ ተገኝቶ ያዳምጣል፤ ሌሎችም ተቆጣጣሪዎች ሕመምተኛን የሚያማክሩበት መንገድ አላቸው።

ከኩባንያ ገንዘብ መቀበል ነውር አይደለም፤ መደበቁ ነው ነውሩ። ከማን ስንት እንደተቀበላችሁ ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡ። ከአጠቃላይ ገቢያችሁ ከአንድ ኩባንያ የሚመጣው ምን ያህል ቢሆን እንደሚበዛ ቦርዱ ይወስን። ለአባላት ስለ መድኃኒት የምትጽፉትንም ኩባንያው አያርም።

ደረጃ 9፦ ገንዘብ

እዚህ ስትደርሱ ለለጋሽ የምታሳዩት ነገር አላችሁ፦ ይህን ያህል አባል፣ ይህን ያህል ናሙና፣ ይህን የሚሠራ ተመራማሪ። ከትልልቆቹ መንገዶች አንዱን ጄኒፈር ጉድማን ሊን የተባለች የሳርኮማ ሕመምተኛ በ2007 ከባለቤቷ ጋር ጀምራዋለች። ሳይክል ፎር ሰርቫይቫል ይባላል፤ ሰዎች ቤት ውስጥ በቆመ ብስክሌት እየጋለቡ ገንዘብ ያሰባስባሉ። በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አስገኝቷል። ገንዘቡ የሚሄደው በአንድ ሆስፒታል ለሚካሄድ እንዲህ ዓይነት ካንሰሮች ምርምር ነው። ሁሉም ማኅበር እዚያ አይደርስም። አብዛኛው የሚቆመው በሟች መታሰቢያ በሚሰጥ ገንዘብና በጥቂት ቋሚ ለጋሾች ነው። ቋሚው ትንሽ ገንዘብ አንድ ጊዜ ከሚመጣው ትልቅ ይሻላል፤ መዝገብ የሚይዝ ሰው በየወሩ ደመወዝ ይፈልጋልና። ለጋሽን «ፈውሱ ቀርቧል» ብላችሁ አትጥሩ። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሳችሁ ልታዩት ነው።

ደረጃ 10፦ ያለ እናንተም እንዲቀጥል

መሥራቹ ብዙ ጊዜ ራሱ ሕመምተኛ ነው፣ ወይም ሕመምተኛ አስታማሚ። ስለዚህ ተተኪን የማሰብ ሥራ ለአምስተኛ ዓመት አይቀጠርም፤ በመጀመሪያው ዓመት ይሠራል። የባንክ ፊርማው የሁለት ሰው ይሁን። የድረ ገጹ፣ የኢሜይሉና የመዝገቡ የይለፍ ቃል አንድ ሰው ስልክ ውስጥ ብቻ አይቀመጥ። ከተመራማሪዎች ጋር የሚደረገው ደብዳቤ በማኅበሩ ኢሜይል እንጂ በግል አድራሻ አይሁን። የሊቀመንበርነት ዘመን በደንቡ ውስጥ ይገደብ።

ማኅበሩ ቢዘጋ መዝገቡና ናሙናው ለማን እንደሚተላለፉም የስምምነት ፎርሙ ላይ ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። ይህ ካልተጻፈ፣ ሰዎቹ በሕመም ላይ ሆነው የሰጡት መረጃ ማንም ሊነካው የማይፈቀድለት ፋይል ሆኖ ይቀራል። እያንዳንዱን ሕመምተኛ እንደገና ፈልጎ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙዎቹን ደግሞ በዚያን ጊዜ መጠየቅ አይቻልም።